አራት ጊዜ «መናገር»

ከአንድ ወር በፊት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ የቃላት ደብተሯን እንዳርምላት አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ገጹ መሐል ለመሐል በተሰመረ መስመር ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛው ፍቺ ሰፍሯል። ከገጹ አጋማሽ ዝቅ ብሎ አራት መስመሮች ተከታትለው ይታያሉ። ሰይ፣ መናገር። ቴል፣ መናገር። ስፒክ፣ መናገር። አራተኛው ላይ፣ ቶክ ከሚለው ቃል ፊት ለፊት፣ መጻፉ የሰለቻት ይመስላል፤ «እንደ ላይኛው» ለማለት ሁለት አጫጭር ጭረቶች ብቻ አድርጋ አልፋዋለች።

ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር፤ ነገር ግን የቱ ጋ እንደማሳርፈው አጣሁ። የተጻፈው ስህተት አይደለም። ተማሪዎቻችን በእጃቸው የሚይዟቸውን ትንንሽ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር አያገኝም። ስህተት ያልሆነ፣ ግን ደግሞ የማይጠቅም መልስ አስተማሪን ከስህተት ይበልጥ ያስቸግረዋል፤ ስህተትን ይሰርዙታል፣ ይህን ግን ምን ያደርጉታል? «እስኪ እኔ ዘንድ ይቆይ» አልኳትና ደብተሩን አስቀረሁት።

ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ቀን ትምህርት ቤት እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ከፈረንጅ አራዳ ብዙም በማይርቀው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ለፈተና የሚዘጋጁ አምስት ስድስት ልጆች ሰብስቤ አስጠናለሁ። ከልጆቹ ብዙዎቹ በአፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱ ናቸው፤ ሌሎቹ በአማርኛ፣ አንዳንዱም ቤቱ ውስጥ ዳውሮኛ ወይም ካፊኛ ይሰማል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ታሪኩም ባዮሎጂውም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ እነዚህ ልጆች አንዱን ቋንቋ በሌላው እየመነዘሩ ነው የሚውሉት። በምንዛሪው ላይ ሁልጊዜ የሚጎድል ሳንቲም አለ። የአራቱ ግሶች ጉዳይ የጎደለው ሳንቲም ጉልህ ሆኖ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ራሴም በእነዚህ ቃላት ክፉኛ የተሰናከልኩበት ቀን አለ። በ1996 ዓ.ም.፣ ገና ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ ስለ ቡና ገበያ ሊያጠና ወደ ጅማ ለመጣ አንድ ፈረንጅ ለአሥር ቀን አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን በአጋሮ መንገድ ወጥተን፣ ከዋናው ጎዳና ተገንጥለን ጥቂት በእግር ከተጓዝን በኋላ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጓሮ ደረስን። አዛውንቱ በባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ለእኛም ሁለት በርጩማ አስወጥተውልን፣ የተሰጣውን ቡና በእጃቸው እያገላበጡ ያናግሩን ጀመር። አማርኛቸው ጥሩ ነበር፤ ለዓመታት ገበያ ሲመላለስ የኖረ ሰው አማርኛ። ፈረንጁ የዘንድሮውን ቡና መቼ እንደሚሸጡት ጠየቃቸው። ሽማግሌውም «ልጄ አልሸጥም አለ» ሲሉ መለሱ።

ሦስት ቃል ነው። እኔም ሦስቱን እንደመጡልኝ አንስቼ «ማይ ሰን ሴድ አይ ዊል ኖት ሴል» ብዬ አስረከብኩ። ፈረንጁ ማስታወሻው ላይ ከጻፈ በኋላ ወደ ሽማግሌው ዞር ብሎ «ታዲያ እርስዎ የማይሸጡት ለምንድን ነው?» አላቸው። ተረጎምኩ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው «እኔ መቼ አልሸጥም አልኩ?» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። ፈረንጁ ማስታወሻውን አንድ ገጽ ወደኋላ ገልጦ ተመለከተና፣ ልጃቸው እሳቸው እንደማይሸጡ መናገሩን ራሳቸው አሁን እንደገለጹለት በትሕትና አስታወሳቸው። ሽማግሌው ቡናውን ማገላበጣቸውን ተዉት። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «አንተ ልጅ፣ ምን ብለህ ነው የነገርከው?» አሉኝ።

ያን ቀን የተሰማኝ እፍረት ብቻ ነበር። በአማርኛ የሰውን ቃል ስናስተላልፍ ቃሉን ከነ«እኔ»ነቱ እንደወጣ እናስተላልፈዋለን፤ «አልሸጥም» ባዩ ማን እንደሆነ ከኋላ የሚመጣው «አለ» ይነግረናል። እንግሊዝኛ ግን ጥቅስ ውስጥ ካላስገባው በቀር የልጁን «እኔ» ወደ «እሱ» እንድንለውጠው ያስገድደናል። እኔ አልለወጥኩትም፤ ስለዚህ በአንዲት ቃል ምክንያት አባትየው ቡናቸውን አልሸጥም ያሉ ግትር ሰው ሆነው ተመዘገቡ። ነገሩን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን፤ ልጁን ከማሳው አስጠርተን ነው የተፈታው።

የሽማግሌው ጥያቄ ግን ከእፍረቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ። «ምን ብለህ ነው የነገርከው?» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ያለ ምንም ምክንያት ሳስታውሰው ኖሬ፣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ «ሰይ» እና «ቴል» ብዬ ጽፌ ተማሪዎቹ ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ መልሱ እዚያ ውስጥ እንዳለ ታየኝ። ሽማግሌው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ግስ ነው የተጠቀሙት። «ብለህ» አሉ፤ «ነገርከው»ም አሉ። «ብለህ» የሚይዘው ከአፌ የወጣውን ቃል ነው። «ነገርከው» የሚይዘው ቃሉ የደረሰውን ሰው ነው። እንግሊዛዊ ሁለቱን እንዲህ አያስከትላቸውም፣ አንዱን ይመርጣል። ዓይኑ ቃሉ ላይ ካረፈ ሰይ ይላል፣ ሰሚው ላይ ካረፈ ቴል ይላል። እኛ ሳንመርጥ ሁለቱንም አንድ ላይ ስለምንጠቀም ልዩነቱን አናውቀውም እንላለን እንጂ፣ «ብሎ ነገረኝ» በተባለ ቁጥር ልዩነቱን በአፋችን ይዘነው እንዞራለን።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ቃላት በሌላ መንገድ አስተምሬ አላውቅም። «ብሎ ነገረኝ» የሚለውን ሰሌዳ ላይ እጽፍና መሐሉን በጠመኔ እከፍለዋለሁ። ይህ ሰይ ነው፣ ይህ ቴል ነው እላለሁ። ጋዜጣ የሚያነቡት ልጆች ደግሞ ወዲያው «ሲሉ ተናገሩ»ን ያመጡልኛል፤ የዜና አማርኛችን ያለ እሱ አይንቀሳቀስም፣ ባለሥልጣኑ አንድ ነገር ባሉ ቁጥር «ሲሉ ተናገሩ» ወይም «ሲሉ ገለጹ» ይከተላቸዋል። ልጆቹ ያንን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ ሰውየው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አፉን ይከፍታል። አንዱን ጣሉት እላቸዋለሁ፤ የሚጣለውም ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው።

ይህ ማለት ግን ሰይ እና «አለ» አንድ ናቸው ማለት አይደለም። በጅማ ብቻ ሳይሆን አማርኛ በሚነገርበት ሁሉ የሚሰማው «ሂ ሴድ ሚ» የሚለው ስህተት የሚመነጨው ከዚሁ መመሳሰል ነው። አማርኛ «አለኝ» ሲል ኝን በግሱ ጫፍ ላይ ይለጥፋታል፤ «ነገረኝ» ሲልም እንደዚሁ። ለእኛ ሁለቱም እኩል ሰው ይሸከማሉ። እንግሊዝኛ ግን ሰይ ብቻውን ሰው አይሸከምም ባይ ነው፤ ሰሚውን መጥቀስ ካስፈለገ ቱ የምትባል መስተዋድድ መሐል ገብታ ታቀብለዋለች። ቴል በተቃራኒው ሰሚውን በቀጥታ ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ሰሚ አይቆምም። «ሂ ቶልድ ዛት» ብሎ የሚጀምር ተማሪ ሲያጋጥመኝ እርማት አልሰጥም፤ «ለማን?» ብዬ ብቻ እጠይቀዋለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ «ለማን?» የተባለ ልጅ ከዚያ በኋላ ራሱን ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ፣ «ሴድ» የሚለውን ቃል ልጆቻችን እንደ አጻጻፉ «ሰይድ» እያሉ ነው የሚያነቡት። በየክፍሉ ሰይድ የሚባል አንድ ልጅ አይጠፋምና፣ የንባብ ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ያ ልጅ በየመስመሩ ስሙ ሲጠራ ይውላል። ሳቁ እስኪበርድ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት አላገኘሁለትም።

«አለ» ራሱ ምን ያህል ሰፊ ቃል እንደሆነ ያስተዋልኩት እንግሊዝኛን በማስተማር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የእኛ «አለ» አፍ ያለው ብቻ አይደለም የሚጠቀምበት። ግድግዳ ሊወድቅ ይላል፣ ሰማይ ሊዘንብ ይላል፤ ጅማ ላይ እንዲያውም ሰማዩ ከዚህ ሌላ የሚለው የለውም። ሰው ቁጭ ይላል፣ ብድግ ይላል፣ ቀስ ይላል። «ማለት» ፍቺ መስጫም ነው፤ ተማሪዬ ደብተሯ ላይ ባትጽፈውም በአፏ «ሰይ ማለት መናገር ማለት ነው» ብላ ስታነብልኝ፣ በዚያች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሰይ ፍቺ የሆነው «ማለት» ራሱ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለታችንም አላየነውም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ዝም አለ» ነው። እኛ ዝምታንም እንለዋለን። እንግሊዛዊው ዝምታን ይጠብቃል ወይም ዝምተኛ ይሆናል፤ ከአራቱ የመናገር ግሶች አንዱንም ለዚህ አያውስም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ለልጆቹ ተርጉሙ ብያቸው አንዱ ዝምታን በሰይ ሊያስኬደው ሞክሮ ነበር፤ ስህተት ብዬ ሳስምርበት እጄ ከብዶኝ ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሁለቱ ፍጹም ይገናኛሉ። «ደብዳቤው ምን ይላል?» እንላለን፤ እነሱም ለዚሁ ሰይ ነው የሚጠቀሙት። ማስታወቂያው ይላል፣ ሕጉ ይላል፣ ሰዓቱ ስንት ይላል። የተጻፈ ነገር ሰሚ አይመርጥም፤ ቃሉን ይዞ ያነበበው ሁሉ እንዲያየው ይቆማል። ይህን ለይቶ የተረዳ ተማሪ የሰይን ዋና ጠባይ ጨበጠ ማለት ይቻላል።

ወደ ቴል ልመለስ፤ ምክንያቱም ከአራቱ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ባለፈው ወር መጨረሻ ደመወዝ ለማውጣት ባንክ ሄጄ የገንዘብ ማውጫ ማሽኑ አልሠራ ስላለ ወረፋ ያዝኩ። ከመስኮቶቹ በላይ «ቴለር» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሁላችንም የምናውቀው፣ ማንም የማይጠይቀው ቃል። ከፊቴ የነበሩ እናት ወደ ጎን ዞር ብለው «ቴለር ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። «ገንዘብ ከፋዩ ነው እናቴ» አልኳቸው። መልሱ ልክ ነበር፤ ግን ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ሁለት ጣቶቿን እያራሰች ብሩን ስትቆጥር እያየሁ ሌላ መልስ እንዳለኝ ትዝ አለኝ። ቴል ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ መቁጠር ማለት ነበር። ቴለር እንግዲህ ነጋሪ ሳይሆን ቆጣሪ ነው። ኤቲኤም በምንለው አጠራር መሐል ላይ የተቀመጠችው ቲም ይህችው ቴለር ናት። ጀርመኖች ዛሬም መቁጠርን ጼለን፣ መተረክን ኤርጼለን ነው የሚሉት፤ ሁለቱ ቃላት አንድ እናት እንዳላቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል።

ይህን የያዘ ሰው የቴልን ዕንግዳ አጠቃቀሞች ሁሉ ያለ ሽምደዳ ይፈታቸዋል። ሰዓት ማንበብን በቴል የሚገልጹት ሰዓት ስለሚቆጠር ነው። መንትዮችን አንዱን ከአንዱ መለየትንም በቴል ይገልጻሉ፤ መለየት አንድ በአንድ መቁጠር ነውና። ታሪክም የሚነገረው በቴል ነው፤ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ የሚቆጠር የነገሮች ሰንሰለት ስለሆነ። እውነትንም ውሸትንም ይዞ የሚሄደው ይኸው ግስ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ሊከብደው አይገባም፤ «ዘረዘረ» የሚል ቃል አለውና። መርካቶ ገብቶ የመቶ ብር ኖት ለባለሱቅ የሰጠ ሰው «ዝርዝር የለኝም» ይባላል። የትዳር ጠብ ለማስታረቅ የተቀመጠ ሽማግሌም «እስኪ ነገሩን በዝርዝር አስረዱን» ይላል። አንዱ ሳንቲም ነው፣ ሌላው ነገር ነው፤ ቃሉ ግን ያው ነው። ትልቁን ኖት በትንንሹ መመንዘርና ትልቁን ጉዳይ በትንንሹ ማስረዳት በእኛም አእምሮ አንድ ሥራ ሆነው ኖረዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ባስረዳኋቸው ማታ አንዱ ልጅ ኪሱን ዳብሶ «ቲቸር፣ እኔ ታሪክ የለኝም ማለት ነው» አለ። ከጠበቅሁት በላይ ገብቶት ነበር።

ስለ «ነገረ» ቤተሰብ ደግሞ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን በጥቂቱ ልለፈው። ነገረ፣ ተናገረ፣ ተነጋገረ፣ አናገረ፣ አነጋገረ፤ ሁሉም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ እንግሊዝኛ በተለያዩ ቃላት የሚሠራውን አማርኛ አንዱን ሥር እያገላበጠ ይሠራዋል። ንጉሥ አዋጅ ሲያስነግር የሚያስመታው ነጋሪትም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣችን ስሙን የወሰደው ከዚያ ከበሮ ነው። ነገር ራሱ ቃልም ነው፣ ጉዳይም ነው፣ ጠብም ነው። «ነገረኛ» የምንለው ሰው ብዙ ስለተናገረ ብቻ አይደለም እንዲያ የተባለው።

ስፒክ ላይ ስንደርስ መንገዱ ይጠባል። ስፒክ ድምፁ ላይ፣ ችሎታው ላይ፣ የመናገሩ ድርጊት ላይ ያተኩራል፤ የተባለው ምን እንደሆነ ብዙም ግድ የለውም። ከሻይ ቤት በር ላይ የሚንጠለጠለውን ስፒከር ማሰብ ይበቃል፤ እሱ ይናገራል እንጂ አይሰማም፣ ማን እንደሚሰማውም አይጠይቅም። በመድረክ ቆሞ ንግግር የሚያደርግ ሰው፣ በሌሎች ስም የሚናገር ቃል አቀባይ፣ ስልክ ደውሎ «አቶ እገሌን ማነጋገር ይቻላል?» የሚል ጨዋ ሰው፣ ሁሉም በስፒክ ጥላ ሥር ናቸው። የእንግሊዝ የሕዝብ ምክር ቤት መሪም ስፒከር ይባላል፤ ማዕረጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ የተመዘገበው ቶማስ ሀንገርፎርድ የተባለ ሰው ነው፣ በ1377 እ.ኤ.አ.። ስሙ የተሰጠው ምክር ቤቱ ያለውን ወደ ንጉሡ ቀርቦ የሚናገረው እሱ ስለሆነ ነው። እኛ ያንን ወንበር አፈ ጉባኤ አልነው፣ የጉባኤው አፍ። ከዚያ በፊት ደግሞ አፈ ንጉሥ ነበረን፤ በንጉሡ ስም የሚፈርደው ታላቁ ዳኛ። የእነሱ አፍ ከታች ወደ ላይ ይናገር ነበር፣ የእኛ አፈ ንጉሥ ከላይ ወደ ታች። ይህ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፤ ግን ስለ ግሶች ነውና የጀመርኩት እዚህ ላይ ልተወው።

ቋንቋ መቻልን ለመግለጽ እንግሊዝኛ የሚጠቀመው ስፒክን ነው። እኛ «እንግሊዝኛ ትናገራለህ?» ብለን ብዙም አንጠይቅም፤ «እንግሊዝኛ ትችላለህ?» ነው የምንለው፤ ወይም «ታውቃለህ?»፣ አንዳንዴም «ትሰማለህ?»። ሦስቱም ከአፍ ይልቅ ጭንቅላትንና ጆሮን ይመለከታሉ። ተማሪዎቼ «አይ ካን ኢንግሊሽ» ሲሉ የሚስቅባቸው ሰው፣ ልጆቹ አማርኛቸውን አክብረው እንደተናገሩ ቢያውቅ ሳቁን ይቀንስ ነበር።

የእኛ «ተናገረ» ደግሞ ስፒክ የሌለው እሾህ አለው። «ለሕዝቡ ተናገረ» ሲባል ምንም ክፋት የለበትም። «ተናገረኝ» ስንል ግን ሰውየው ሰድቦናል፣ ቢያንስ ፊት ነስቶናል። «ምን ተናገርኩህና ነው የተቆጣኸው?» የሚል ሰው የሚጠይቀው ምን ክፉ ቃል እንደወጣው ነው። እንግሊዝኛ ይህን ስሜት ለማምጣት ወደ ቴል ዞሮ ኦፍ የምትባል ጅራት ይቀጥልለታል፤ ቴል ኦፍ ሲል መገሠጽና መቆጣት ይሆናል። ቴል ኦን ሲል ደግሞ ማሳበቅ። ጅራቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ መርዛቸው ግን ትልቅ ነው፤ ተማሪ ሲያደባልቃቸው የሚመጣውን መዘዝ አይቻለሁ።

ቶክን ለማስረዳት ከቡና የተሻለ አላገኘሁም፤ ጅማ ተቀምጬ ሌላ ምሳሌ ብፈልግ ነውርም ይሆንብኛል። እሑድ ከሰዓት እናቴ ቡና ስታፈላ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ይመጣሉ። አቦል ይቀዳል፣ ቶና ይደርሳል፣ በረካ ይጠጣል፤ ጭሱም ወሬውም አብሮ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ ሲሄዱ እናቴን «ምን አሉ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኧረ ምንም፣ እንዲሁ ስንጫወት ነው።» ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ የቆዩ ሰዎች ምንም አላሉም! የቶክ ሰዋስው ሁሉ እናቴ መልስ ውስጥ አለ። ቶክ የተባለውን ቃል አስከትሎ አይመጣም፤ ምን እንደተባለ አይጠቅስም፤ መቀባበሉን ብቻ ነው የሚያየው። ለዚህ አማርኛው የ«ነገረ»ን ቤተሰብ ትቶ አወራ፣ አወጋ፣ ተጫወተ ይላል። ጭውውትን ከጨዋታ አንድ ያደረገ ቋንቋ ቶክን አያጣውም። «እስኪ አጫውተኝ» ያለ ሰው ኳስ አምጣልኝ አላለም።

ቶክ በልደቱ የቴል ዘመድ መሆኑን የቃላት ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ይናገራሉ፤ ከዚያው ከትረካ ቃል ላይ ኬ የምትል ድምፅ ተጨምራበት ድርጊቱ ደጋግሞ የሚደረግ ሆኖ የወጣ ነው። ቆጠራው ተደጋግሞ ወሬ ሆነ እንደማለት ነው። በስፒክና በቶክ መካከል ያለውን ድንበር ግን የሰዋስው መጻሕፍት ከሚሉት በላይ ልል ሆኖ ነው ያገኘሁት። አንዱ ለወግ፣ ሌላው ለጨዋታ ነው ብለን ከተስማማን በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን አንድ ሰዓት ሙሉ የሚሰጠው ገለጻ ቶክ ሲባል እንሰማለን። ማንም ሳይመልስለት ይጨርሳል፤ ስሙ ግን ቶክ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ተማሪን ማስጨነቅ አልወድም።

ደብተሩን የያዝኩበት ሳምንት ሲያልቅ ልጆቹን ሰብስቤ፣ ለጨዋታ ያህል፣ አፋን ኦሮሞ የምትችሉ እነዚህን አራቱን እስኪ በሉልኝ አልኳቸው። ሳያስቡ መለሱልኝ። ሰይ፣ ጄቹ። ቴል፣ ሂሙ። ስፒክ፣ ዱበቹ። ቶክ፣ ሃሰኡ። አራት የተለያዩ ቃላት፣ አራቱም ቦታ ቦታቸውን ይዘው። ጄቹ የተባለውን ቃል ይይዛል፣ እንደ እኛ «ማለት» ፍቺ መስጫም ይሆናል። ሂሙ ለሰው ይነገራል። ዱበቹ ቋንቋ መናገርም ነው፤ ዱቢ ደግሞ እንደ አማርኛው ነገር ሁሉ ቃልም ጉዳይም ጠብም ይሆናል። ሃሰኡ ጨዋታው ነው። ዱቢሱ የሚል ቃልም አለ፤ ማነጋገርም ነው፣ ማንበብም ነው፤ መጽሐፉን ማናገር እንደማለት። እርግጥ አንዱ በአንዱ ላይ ልክክ አይልም፤ የትኛውም ቋንቋ በሌላው ላይ አይልም። ነገር ግን በሰሌዳና በጠመኔ ስለፋ የኖርኩበትን ነገር እነዚህ ልጆች ከቤታቸው ይዘውት መጥተው ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ሃያ ዓመት ጅማ ኖሬ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም።

የደብተሩ ባለቤት ከሁሉ ይልቅ ዝም ብላ ነበር። በአፋን ኦሮሞ አፏን የፈታች ልጅ ናት፤ አራቱን ቃላት ቤቷ ውስጥ ከእናቷ ሰምታ አድጋለች። እንግሊዝኛውን ግን በአማርኛ መዝገበ ቃላት በኩል አዙራ ስለምትማር፣ አራት የነበረው አንድ ሆኖ ደረሳት። «ቲቸር፣ ደብተሬን ይስጡኝ» አለችኝ። ያለ አንዳች እርማት መለስኩላት።

ትናንት ማታ ተመልሳ አሳየችኝ። አሮጌውን ገጽ አልቀደደችውም፤ ከጎኑ አዲስ ዓምድ አስምራለች። ከሰይ ፊት ለፊት «ጄቹ፣ ብሎ» ይላል። ከቴል ፊት ለፊት «ሂሙ፣ ነገረኝ» ይላል፤ ኝን ሁለት ጊዜ አስምራባታለች፣ ከአጠገቧም በትንንሽ ፊደል «ለማን?» ተብሎ ተጽፏል። ከቶክ ፊት ለፊት ሁለቱ ጭረቶች ተሰርዘው «ሃሰኡ፣ ቡና ላይ» ሆኗል። ስፒክ ላይ «ዱበቹ» ብላ ጽፋ የአማርኛውን ቦታ ባዶ ትታዋለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ተናገረኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ከዚያ ስድብ እንደሆነ ትዝ አለኝ» አለች። «ተናገረ» ብቻ ብትጽፊስ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ እሱማ ቀድሞ አራቱም ላይ የነበረው ቃል አይደለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ማክሰኞ እንመለስበታለን ተባብለን ተለያየን።